መቅሊትና የኢንቨር ግሮቭ ሃይትሱ ኢንጂነር

መቅሊት ሰው በመናቅ የታወቀች ሴት ናት። ሪችፊልድ ውስጥ የመነጽር መስታወት የሚቆርጥ ፋብሪካ ውስጥ ስትሠራ ዓመታት አልፈዋል፤ ቀኑን ሙሉ የምትውለው መስታወቱን ብርሃን ላይ እየያዘች ጭረት ስትፈልግ ነው። ከባሏ ከተለያየች ወዲህ ደግሞ ወንዶችንም እንደዚያው ማየት ለምዳለች። ያለ ጭረት ያለፈላት እስካሁን የለም።

ነፃው የትውውቅ አፕ ላይ እንድትገባ የወተወተቻት ፋዮ ናት። ፋዮ ዌስት ሴንት ፖል የምትኖር፣ አረጋውያንን የምትንከባከብ፣ ሳቋ የሚቀድማት ሴት ስትሆን፣ ሁለቱ ሚኒሶታ እንደገቡ አንድ አፓርታማ ተጋርተው ከኖሩበት ጊዜ ጀምሮ አልተለያዩም።

«ግቢበት እንጂ፤ ክፍያ እንኳ የለውም» አለቻት።

«ክፍያ ስለሌለው ነዋ! በር የሌለው ቤት ማንም ዘው ይልበታል።»

ብላ ብላ ገባችበት። የመጀመሪያው ሳምንት የሳቅ ሳምንት ሆነላት። ግማሾቹ ወንዶች ትልቅ ዓሣ ታቅፈው ፎቶ የተነሱ ናቸው፤ ከሰውየው ይልቅ ዓሣው የተሻለ መልክ አለው። አንዱ ደግሞ «ታማኝ ሴት እፈልጋለሁ» ብሎ የለጠፈው ፎቶ በግማሽ የተቆረጠ ነው፤ ትከሻው ላይ ጥፍሯን ቀይ የተቀባች ሴት እጅ ቀርቷል። መቅሊት «የእጁ ባለቤት ደህና ናት?» ብላ ጻፈችለት። ወዲያው ብሎክ አደረጋት።

ከዚያ ኢንጂነር ቶኩማ መጣ። ሚስቱ የሞተችበት፣ እዚያው አጠገባቸው ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ የሚኖር፣ ጥርሱ እንደ ጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ የሚያበራ ሰው። ስሟን በቅጡ ሳይጠይቅ «ነፍሴ ነፍስሽን ድሮ ታውቃታለች» አላት። መቅሊት አልመለሰችም፤ አላጠፋችውምም። እንደዚህ ዓይነቱን ዝም ብሎ ማየት ደስ ይላታል።

በሚያዝያ አንድ ቀን በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወርዶ ከተማው እንዳለ መስታወት ሆነ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ እሷም ራሷ የአፓርታማዋን ደረጃ በመቀመጫዋ ወረደችው። በዚያ ቀን ኢንጂነሩ ጻፈላት፤ «ውዴ፣ ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ፀሐይ እየሞቅሁ ስላንቺ አስባለሁ።»

«መኪናህን ከበረዶው አወጣሃት?» አለችው።

«የምን በረዶ?»

መቅሊት ፋብሪካው ምሳ ቤት ውስጥ ብቻዋን ሳቀች። ፊቱን በቪዲዮ እንዲያሳያት ጠየቀችው፤ ካሜራው ተበላሽቷል። ቅዳሜ በጠራራ ፀሐይ ሮበርት ስትሪት ላይ ሰው የሚበዛበት ሱቅ እንገናኝ አለችው፤ ለሥራ ባሕር ላይ ነው።

«ጠዋት ወንዝ ዳር፣ ከሰዓት ባሕር ላይ! አንተ ሰው ነህ ዳክዬ?» ብላ ጻፈችለት። ከዚያ ፎቶውን ኢንተርኔት ላይ አስገብታ ፈለገችው። ሌላ አገር የሚኖር፣ ቤት የሚያሻሽጥ ምስኪን ሰው ፎቶ ነው፤ በየአገሩ በየስሙ ሲያገባ እንደሚውል አያውቅም። ለአፑ ሪፖርት አደረገችና ነገሩን ረሳችው።

አልረሳችውም እንጂ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው ሴቶቹ ምሳ ሲበሉ የኢንጂነሩን ነገር በድምፅ ጭምር ተውናው ተረከችላቸው፤ «ነፍሴ ነፍስሽን» ስትል ደረቷን ይዛ፣ ዓይኗን አስለምልማ። ሴቶቹ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «እንዲህ ያለውን የምታምን ደግሞ አትጠፋም!» አለች በመጨረሻ። ፋዮም አብራ ሳቀች። ጥቂት ቆይታ ግን ሥራ አለኝ ብላ ሳህኗን ሳትጨርስ ሄደች። መቅሊት በጨዋታዋ ስለሞቀች ልብ አላለችም።

ብዙም ሳይቆይ ከፋዮ ቁጥር በዋትስአፕ በአማርኛ የተጻፈ መልእክት ደረሳት፤ «ጤና ይስጥልኝ ውድ እህቴ። በስህተት አንድ ኮድ ወደ ስልክሽ ልኬያለሁና እባክሽን መልሰሽ ላኪልኝ።»

መቅሊት ደጋግማ አነበበችው። ሁለቱ ሁልጊዜ የሚጻጻፉት በኦሮምኛ ነው፤ ፋዮ ደግሞ ሰላምታ የሚባል ነገር አታውቅም፣ ከወሬው መሃል ነው የምትጀምረው። ኮዱን አልላከችም። በተራ ስልክ ደወለች፤ አይነሳም። ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ወደ ዌስት ሴንት ፖል ነዳች።

ፋዮ በሩን ስትከፍት ዓይኗ አብጧል።

«ዋትስአፕሽ ምን ሆነ?»

«ወሰደብኝ» አለች ፋዮ።

«ማን?»

ፋዮ መሬት መሬት አየች። «ቶኩማ።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሰውየው ለመቅሊት ከመጻፉ በፊት ጀምሮ ለፋዮ ይጽፍላት ነበር። ከአፑ አውጥቶ ወደ ዋትስአፕ ወሰዳት። የእሁዱን ወሬ ሰምታ ስትጠይቀው፣ «ስሜንና ፎቶዬን የሚሰርቁ ሌቦች አሉ፤ እውነተኛው እኔ መሆኔን ላረጋግጥልሽ፣ ስልክሽ ላይ የሚመጣውን ኮድ ንገሪኝ» አላት። ነገረችው። ወዲያውኑ ዋትስአፗ ተዘጋባት፤ አሁን በእሷ ስምና በእሷ ፎቶ ለምታውቀው ሰው ሁሉ እየጻፈ ነው።

«እሁድ እኔ ያን ሁሉ ተናግሬ?» አለች መቅሊት። «ወንዝ ዳር ፀሐይ የሚሞቀውን ሰውዬ አመንሽው?»

«አየሽ? ለዚህ ነው ያልነገርኩሽ» አለች ፋዮ። «እንዴት አደርሽ የሚለኝ እሱ ብቻ ነበር። ውሸት መሆኑ ጠፍቶኝ መሰለሽ? ላንቺ መንገር ግን ከሱ ይልቅ አስፈራኝ።»

መቅሊት ኮቷን እንደለበሰች ተቀመጠች። «ስልክሽን አምጪው» አለች ኋላ ላይ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚያውቁትን ሰው በሙሉ በድምፅ እየደወሉ አስጠነቀቁ። የተዘጋውን አካውንት ለድርጅቱ አመልክተው፣ ከብዙ ምልልስ በኋላ አስመለሱት። ይህ ቀላሉ ነበር። ከባዱ የሰው አፍ ነው። ፋዮ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን መምጣቷን ተወች።

አንድ ቀን መቅሊት ሮበርት ስትሪት ያለው የሐበሻ ሱቅ ውስጥ ምስር ስትመርጥ፣ ከመደርደሪያው ወዲያ አብራቸው ቤተ ክርስቲያን የምትዘምረው ፀጋ ለባለሱቁ ስታወራ ሰማች። «በዚህ ዕድሜዋ! ኮድ ላኪ ስላላት ይላካል? ሰው እንዴት እንዲህ ይጃጃላል?»

መቅሊት ዞራ ፊት ለፊቷ ቆመች።

«ፀጋ፣ ስንደውልልሽ አንቺም ኮዱን ልኬያለሁ ብለሽን አልነበር?»

ፀጋ ቀላች። «እኔማ ፋዮ መስላኝ ነው።»

«እሱ ነዋ። ፋዮን ቢያንስ እንዴት አደርሽ ሲላት ከርሞ ነው ያታለላት። አንቺን በአንድ መስመር ጨረሰሽ።»

ባለሱቁ ሳቁን ለመደበቅ ጎንበስ አለ። ፀጋ ሽንኩርቷን ሚዛን ላይ ትታ ወጣች።

በጋው ሲገባ ፋዮ ተመልሳ አፑ ላይ ገባች። መቅሊት ሰምታ ከንፈሯን ነከሰች። በዚህኛው ጊዜ ፋዮ ስልክ ቁጥሯን ለማንም አልሰጠችም፤ የምትሠራበትንም ቤቷንም አልተናገረች። ጎንፋ የሚባል የከባድ መኪና መካኒክ አገኘች። ገና ሳትጠይቀው በቪዲዮ ፊቱን አሳያት፤ ያውም ግንባሩ ላይ ግሪስ እንዳለ።

የተቀጣጠሩት እኩለ ቀን ላይ ዶናት ቤት ነው። ፋዮ በራሷ መኪና ሄደች፤ መቅሊት ደግሞ ፓርኪንጉ ውስጥ በራሷ መኪና ተቀምጣ በመስኮት ትጠብቃለች። ጎንፋ መጣ። ፀጉሩ ከፎቶው ሳስቷል፣ ሆዱ ጨምሯል፣ ሸሚዙን የተኮሰው ከፊት ብቻ ነው። መቅሊት ከላይ እስከ ታች አየችውና በአፍንጫዋ ተነፈሰች።

ፋዮ ስትወጣ መስኮቷን ዝቅ አደረገችላት።

«እሺ፣ ምን አለሽ?»

«ስለ ብሬክ አወራኝ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ… ስለ ጎማ።»

የመቅሊት አፍ ሊከፈት ከጅሎ ተመለሰ።

«ቅዳሜ ድጋሚ እንገናኛለን» አለች ፋዮ ሳቋ እየቀደማት። «ትመጫለሽ?»

«እመጣለሁ» አለች መቅሊት። «አንድ ካውያ ግን ግዢለት። ጀርባውም ሸሚዝ ነው በይው።»