የተመሰከረለት ጉልበት

ልጄ ቸርች መድረክ ላይ ወጥታ ጉልበቷ መፈወሱን በመሰከረች ሳምንት ጫማዋ ቀይ አፈር ይዞ መግባት ጀመረ። የምንኖረው ከየካ ሚካኤል ዝቅ ብሎ፣ ድንጋይ በተነጠፈ መንደር ነው። ቤተ መጻሕፍት የሚኬደው ወደ ታች ነው። ቀይ አፈር ያለው ወደ ላይ፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ ነው። እሷ ግን "ላይብረሪ ነበርኩ" ትለኛለች።

ጉልበቷ የተጎዳው ለቸርቹ ወጣቶች ቡድን መረብ ኳስ ስትጫወት ነበር። ኳሱን ልትመታ ዘለለች፣ በግራ እግሯ ብቻ ወረደች፣ ጉልበቷ ዞረ። ጅማቱ ተበጥሶ ስለነበር በቀዶ ጥገና ሌላ ተተካላት። ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ ስናመላልሳት ከረምን።

ያን ፊዚዮቴራፒስት ከመጀመሪያው ቀን ጠርጥሬዋለሁ። ሥራውን ላለመጨረስ የሚከፈለው ሰው በዓለም ላይ ብዙ ነው። አንድ ቀን ልጄን ከዝቅተኛ ሣጥን ላይ በአንድ እግሯ እንድትወርድ አደረጋትና በስልኩ ቀርጾ ቀስ አድርጎ አሳየኝ።

"አዩ፣ ጋሼ? መሬት ስትነካ ጉልበቷ ወደ ውስጥ ይገባል። ያን ጊዜም የተበጠሰው እንዲህ ስትወርድ ነው። ስታርፍም ድምፁን ይስሙት፤ ጧ ይላል። ጡንቻው ሲጠነክር ያለ ድምፅ ነው የምታርፈው።"

"የግራ ጭኗ ገና ነው እያልከኝ ነው?"

"ከቀኙ በጣም ያንሳል።"

"ሁለት እግሩ እኩል የሆነለት ሰው የት አገር ነው ያየኸው?"

ሳቀ። ጥርጣሬዬ ጨመረ።

ምስክርነቱ የመጣው በዚህ መሐል ነው። አንድ እሑድ ተጸለየላት፤ ሕመሙ ጠፋ። በሚቀጥለው እሑድ ማይክ ተሰጣት። እኔ ቸርች ስለማልሄድ አላየሁም፤ ባለቤቴ ግን እያለቀሰች ነገረችኝ፣ አዳራሹ በሙሉ ተነሥቶ እንዳጨበጨበ። ያን ቀን ማታ ልጄ የጉልበቷን ማሰሪያ አውልቃ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ክሊኒክ መሄድም አቆመች። ቅዳሜ ከሌላ አጥቢያ ጋር ለሚደረገው ግጥሚያ ስሟ ተለጠፈ።

እንግዲህ ቀይ አፈሩን ሳይ ተደብቃ ኳስ እየተለማመደች ነው ብዬ ደመደምኩ። አንድ ቀን ከሥራ እንደወጣሁ ተከተልኳት። ወደ እንጦጦ የሚወስደውን አቀበት እሷ ያለ ችግር ስትወጣው እኔ ሁለት ቦታ ቆሜ ስልክ የማወራ መሰልኩ። ባሕር ዛፉ መሐል ስደርስ ኳስም መረብም የለም። ልጄ ብቻዋን ከተቆረጠ ግንድ ላይ ትወርዳለች፣ ተመልሳ ትወጣለች፣ ደግሞ ትወርዳለች። ስልኳን ድንጋይ አስደግፋ ራሷን ትቀርጻለች።

"አባዬ! ተከትለኸኝ ነው?"

"አየር ልቀበል ወጥቼ ነው።"

"በቢሮ ጫማ?"

ግንዱ ላይ ተቀመጥኩ። "ይሄን ግቢያችን ውስጥ ብትሠሪው ምናለበት?"

"የጎረቤት እትዬ በአጥር በኩል ታየኛለች። የኛ ቸርች ናት እኮ። 'የተፈወሰ ሰው ደግሞ ምን ልምምድ ያስፈልገዋል?' ትላለች። ከዚያ እማዬ ጆሮ ይደርሳል።"

"ቅዳሜስ?"

አስነሣችኝና ግንዱ ላይ ወጣች፤ በግራ እግሯ ወረደች። ጉልበቷ ስልኩ ላይ እንዳየሁት ወደ ውስጥ ገባ። ቀኙ ባይደርስላት ትወድቅ ነበር።

"እንዲህ ነው የምችለው" አለች። "አባዬ፣ አንተ ከልክለኝ።"

"እኔ?"

"አንተ ብትከለክለኝ ማንም አይገርመውም። እንደማታምን ሁሉም ያውቃል።"

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የኔን ግን፣ 'የማያምነው' ብሎ፣ የባለቤቴ የጸሎት ቡድን አውጥቶታል። ያን ማታ እራት ላይ ልጄ ቅዳሜ አትጫወትም ብዬ አወጅኩ። ባለቤቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"ጌታ የፈወሰውን አንተ ልታስር?"

"አዎ" አልኩ። እውነት ለመናገር፣ ሚናው አልከበደኝም።

ሐሙስ ሽማግሌ ተላከብኝ። ሁለት የቸርች ሽማግሌዎች መጥተው ሶፋችን ላይ ተቀመጡ፤ ባለቤቴ ሻይ አቀረበች። ትልቁ ለስለስ ባለ ድምፅ ጀመሩ።

"ወንድሜ፣ ስለ ልጅህ ጉልበት ነው የመጣነው። ጌታ የከፈተውን በር ለምን ትዘጋለህ?"

"በር አልዘጋሁም፣ አባቴ። አትዝለል ነው ያልኩት።"

"ጉባኤው በሙሉ ምስክር ነው እኮ" አሉ ሁለተኛው።

"ጉባኤው የሰማው አፏን ነው። ጭኗን ያየው የለም።"

"አንተ ሰውዬ!" አለች ባለቤቴ። "ሽማግሌ ፊት ጭን?"

ጉድጓዴን በደስታ እየቆፈርኩ ሳለ ልጄ ከጓዳ ወጣች።

"አባዬ አይደለም" አለች። "ከልክለኝ ያልኩት እኔ ነኝ።"

ማንም ሳይከለክላት የጓዳው በር ደረጃ ላይ ቆመችና በግራ እግሯ ወደ ሳሎኑ ወረደች። ጧ አለ። የሻይ ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ። ጉልበቷ ታጠፈ፤ የሶፋውን ጀርባ ይዛ ዳነች። ባለቤቴ "ኢየሱስ!" ብላ ተነሣች።

ትልቁ ሽማግሌ ሻያቸውን አስቀመጡ። "ታዲያ ምስክርነቱስ፣ ልጄ?"

"ሕመሙ በእውነት ጠፍቷል። እሱን ነው የተናገርኩት። እግሬ ገና አልጠነከረም ልል ስል ማጨብጨብ ጀመራችሁ። ከዚያ በኋላ አፈርኩ።"

ሁለተኛው ሽማግሌ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ትልቁ በእጃቸው አስቆሟቸው።

"ማይኩን ቶሎ ተቀብለንሻል" አሉ።

ይህን ስሰማ ደግሞ እሳቸውን ጠረጠርኩ። ሽማግሌ እንዲህ በቀላሉ ሲሸነፍ አላውቅም፤ ከኋላው ሌላ ነገር ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። የመጣው ጸሎት ነበር። ሁላችንን አስነሥተው ለልጄ የግራ ጭን በስሙ ጠርተው ጸለዩ፤ ጡንቻው እንዲጠነክር፣ አወራረዷም እንዲስተካከል። ዓይኔን አልጨፈንኩም። ባለቤቴም አልጨፈነችም፤ የልጇን እግር እያየች ነበር። በሚቀጥለው ማክሰኞ ክሊኒክ ይዛት የሄደችው እሷ ናት።

ቅዳሜ ወሰን ሰፈር ወዳለው ሜዳ አብሬያቸው ሄድኩ። ለጨዋታው ግድ ኖሮኝ አይደለም። ልጄ የለበሰችው ቀሚስ ከሥሩ የስፖርት ቁምጣ ይኑር አይኑር ስላላወቅሁ ነው። ማሰሪያዋን አድርጋ ተጠባባቂዎች ወንበር ላይ ተቀመጠች። አንዷ ጓደኛዋ "ነይ እንጂ፣ ለመጨረሻው ዙር ብቻ!" አለቻት። ልጄ ጭንቅላቷን በእምቢታ ነቀነቀች። ጓደኛዋ ወደኔ ገልመጥ አለች፤ ገና ወሬው አልደረሳትም። ልጄ "እሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ" ስትላት ሰማሁ።

ቡድናቸው የመጨረሻዋን ነጥብ ሲያገኝ መቀመጫው በሙሉ እልል እያለ ዘለለ። ልጄም ዘለለች። ሁሉም ሜዳውን ሲያይ እኔ እግሯን አየሁ። በሁለቱም ወረደች፣ ጉልበቷን አጥፋ፣ ወደ ውስጥ ሳይገባ። በዚያ ጫጫታ ጧ ይበል አይበል መስማት ግን አልቻልኩም።