በሞቴን እምቢ ያልኩ ጊዜ

ሥራዬ እንስሳ ማከም ነው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈልኝ የሥራ መደብ «ረዳት» ይላል፤ አገሬው ግን መርፌ መያዝ ከጀመርኩበት ቀን ጀምሮ ዶክተር ብሎኛል፣ እኔም አላረምኩትም። ከመሐል ሜዳ ከተማ ወጣ ብለው ባሉት ቀበሌዎች ሞተሬን መንገድ ዳር አቁሜ፣ ሳጥኔን አንጠልጥዬ ከቤት ቤት እዞራለሁ። በግ ቢያስል፣ ላም መውለድ ቢያቅታት፣ አህያ ቢያነክስ፣ የሚጠራው እኔን ነው።

መንዝ ውስጥ ከቤት ቤት መዞር ማለት ደግሞ ከጣሳ ጣሳ መዞር ማለት ነው። የታመመችውን በግ ከማየቴ በፊት ወንበር ይወጣልኛል፣ ወንበሩ ላይ አጎዛ ይነጠፍልኛል፣ ከዚያ የገብስ ጠላ ይመጣል። አንዱን ስጨርስ ጣሳው ወዲያው ይሞላል። «በቃኝ» እላለሁ። እኛ ዘንድ በቃኝ ማለት የጨዋ ደንብ ነው እንጂ ማንም እንደ መልስ አይቆጥረውም። «ኧረ በሞቴ» ይሉኛል። ሁለተኛውን ጨርሼ ልነሳ ስል «አፈር ስሆን» ይመጣል። በር ላይ ስደርስ ደግሞ «ስሞትልህ፣ ለብርዱ ይቺን ብቻ» ተብሎ አረቄ በመለኪያ። ሰባት ቤት የዞርኩ ቀን ሰባት ሰው ሞቶልኝ፣ ሰባት ሰው አፈር ሆኖልኝ እውላለሁ። እኔው ብቻ ነኝ ማታ በእግሬ ለመቆም የምታገለው።

ጠጪ ነበርኩ ማለቴ አይደለም። ጠላ ገዝቼ የጠጣሁበትን ቀን አላስታውስም። የጠጣሁት ሁሉ በሰው ሞት ነው። ሰው ሞቱን አስይዞ ሲለምንህ እምቢ ብለህ ከዚያ ቤት እንዴት ትወጣለህ? ምን ይሉኛል አለ። ይሉኝታ የሚባለው ነገር ሆዴ ውስጥ ከጠላው ቀድሞ ቦታ ይዞ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ አራተኛው ወይም አምስተኛው ቤት ላይ፣ አንድ ሽማግሌ አሥራ ሁለት የሚያስሉ በጎች አቆዩልኝ። የትል መድኃኒት መጋት ነበረብኝ። በግ መጋት ቀላል ይመስላል። አገጯን በአንድ እጅ ደግፎ ይዞ፣ ጭንቅላቷን ቀና ሳያደርጉ፣ በአፏ ጎን ቀስ እያደረጉ ማፍሰስ ነው። አንገቷን ሽቅብ ካነሱት መድኃኒቱ በጉሮሮዋ መውረዱን ትቶ ሳንባዋ ውስጥ ይገባል። ይህን ተማሪ ሳለሁ በመጀመሪያው ሳምንት ነው የተማርኩት።

አሥራ አንዱን በደንብ ጋትኳቸው። በየመሃሉ ሽማግሌው እኔን በጠላ ይግቱኛል። አሥራ ሁለተኛዋ ጥቁር በግ ትንሽ አስቸገረችኝ፣ እኔም ከሽማግሌው ጋር እየተሳሳቅኩ አንገቷን ወደ ላይ አንስቼ ደፋሁባት። አሳላት። ስታስል ሰምቻለሁ። ይተዋታል ብዬ ጣሳዬን አነሳሁ።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌው ደወሉ። «ዶክተር፣ ያቺ ጥቁሯ እኮ ሞተችብኝ። ቀኗ ደርሶ ነው፤ ሌሎቹንማ አድነህልኛል፣ እጅህ ይባረክ» አሉኝ። መረቁኝ እኮ። አሜን ብዬ ስልኩን ብዘጋ በዚያው ያበቃ ነበር፤ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። እኔ ግን ምሳዬ አልወረደልኝም፣ እራቴም እንዲሁ። በማግሥቱ ማልጄ ቤታቸው ሄድኩ።

«አባባ፣ በጓን የገደልኳት እኔ ነኝ» አልኳቸውና እንዴት እንደሆነ ነገርኳቸው።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው የገደልኳት እኔ ነኛ። በሞቴ እያልኩ ያጠጣሁህ እኔ አይደለሁ?»

«ጣሳውን ያነሳው የእኔ እጅ ነው።»

«እኔ ባልሞላው ምኑን ታነሳው ነበር?»

«ቢሞሉትም መተው እችል ነበር።»

እንዲህ እያልን ጥፋቱን እንሻማለን። ሚስታቸው ከጓዳ ሆነው ሲሰሙን ቆይተው ወጡ። «በሞቴ ያሉት እርስዎ፣ የሞተችው በጌ» አሏቸው ለባላቸው። «እናንተ ምን ሆናችሁና ነው የምትጨቃጨቁት?»

በሳምንቱ ከሞላሌ ገበያ አንዲት ጥቁር ቄብ በግ ገዝቼ በራቸው ላይ አሰርኩ። ሽማግሌው አልቀበልም ብለው ትንሽ አንገራገሩ፣ ሚስትየው ተቀበሉኝ። ከዚያ ወንበር ወጣ፣ አጎዛ ተነጠፈ፣ ጠላ መጣ። ሽማግሌው ጣሳውን ዘረጉልኝና «በሞቴ» አሉኝ፤ ምንም እንዳልተፈጠረ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን እምቢ አልኩ።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ «መድኃኒት እየወሰድኩ ነው በልና ተገላገል» ብሎ መከረኝ። ሌላው ጉበቴን እንዳመካኝ ነገረኝ። በግ ገድዬ እውነቱን ከተናገርኩ በኋላ በጠላ ምክንያት ልዋሽ? አልዋጥልህ አለኝ። ስለዚህ በሄድኩበት ሁሉ «አልጠጣም፤ ስለማልፈልግ ነው» ማለት ጀመርኩ።

ጉድ ፈላ። የታመመ ሰው ባይጠጣ ይታዘንለታል። ስለት ያለበት ይከበራል። ሃይማኖቱን የቀየረም ቢሆን ይታማል እንጂ ይገባቸዋል። ሳይታመም፣ ሳይሳል፣ ማተቡን ሳይበጥስ እንዲሁ ስለማይፈልግ ብቻ የማይጠጣ ሰው ግን የት ይመደባል? አንዷ ሴትዮ ማተቤን በዓይናቸው ፈልገው አንገቴ ላይ ሲያገኙት ይበልጥ ግራ ገባቸው። ሌሎቹ «ዶክተር ኮራ» አሉ። አጎዛው የማይነጠፍልኝ ቤትም ተገኘ። አልከፋኝም ብል ውሸት ነው፤ ከፍቶኛል። እጄ ግን አይንቀጠቀጥም፣ ቤቴም በፀሐይ እገባለሁ።

ያላሰብኩት አክስቴን ነው።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። እናቴ ስትሞት ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ጠላቸው በአካባቢው ስም ያለው ነው፤ ለሠርግ፣ ለተዝካር፣ ለማኅበር የሚጠመቅ ጠላ በእሳቸው እጅ ካላለፈ የተጠመቀ አይባልም። በሞቴ ሲሉም እንደሌላው ሰው አይደለም። ዓይናቸውን ዓይኔ ላይ ተክለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። ልጅ ሳለሁ ያልወደድኩትን ጎመን ሁሉ የበላሁት በዚያ ድምፅ ነው።

በየዓመቱ ኅዳር ሚካኤልን ይዘክራሉ። ያን ዓመት ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ ቄሱም አሉ፣ ጎረቤቱም አለ። አክስቴ በቀንድ ዋንጫ ቀድተው ራሳቸው ይዘውልኝ መጡ።

«እትዬ፣ ጠላ ትቻለሁ» አልኳቸው።

«ሰምቻለሁ። ይሄ የእኔ ነው። በሞቴ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አልጠጣም።»

«በሞቴ አልኩህ እኮ።»

ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። የሚያኝክ እንኳ አልነበረም። ዋንጫው ፊቴ ላይ ነው፣ ጌሾው ይሸተኛል። «አልጠጣም፣ እትዬ» አልኩ፤ ድምፄን እኔም በደንብ አልሰማሁት።

«አሃ» አሉ። «ሞቴን ናቅኸው።» ዋንጫውን ይዘው ወደ ጓዳ ገቡ፣ እኔ እስክወጣ ድረስ አልተመለሱም።

ከዚያ ወዲያ በገበያተኛ እጅ ይልኩልኝ የነበረው ቆሎና ዳቦ ቀረ። ስደውል አያነሱም። ቤታቸው ስሄድ «እግዜር ይመስገን» ይሉኛል፣ ፊታቸውን ወደ ሥራቸው ያዞራሉ። እንዲህ ናፍቀውኝ አያውቁም፤ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ይናፍቁኛል። አንድ ዋንጫ ብጠጣስ ምን እሆናለሁ ብዬ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። አንድ ቅዳሜ ጠጥቼ ልታረቅ ቆርጬ ሞተሬን አስነሳሁ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሜ ብዙ አሰብኩ፣ ተመለስኩ። የእሳቸውን ዋንጫ ከጠጣሁ የሽማግሌውንም፣ የሁሉንም ነው የምጠጣው። ከዚያ ሌላ ጥቁር በግ ትሞታለች። ይህን ለእሳቸው የማስረዳበት ቃል ግን አጣሁ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝ። እናቷ አዙሯቸው ደጃፉ ላይ ወድቀዋል። ጤና ጣቢያ ወስደዋቸው ደም ግፊት ነው ተብሏል፣ በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን ተሰጥቷቸዋል። እሳቸው ግን አንድም አልዋጡም። «እባክህ መጥተህ ለምናት» አለችኝ፤ ታለቅሳለች።

ስደርስ ቤቱ እንደ ሚካኤል ቀን ሞልቷል። አክስቴ የበግ ፀጉር ባና ተከናንበው መደቡ ላይ ተቀምጠዋል፣ ከንፈራቸውን ገጥመዋል። ልጃቸው ውኃ ይዛ «በሞቴ እማዬ» ትላለች። ጎረቤቷ «አፈር ስሆን» ትላለች። ቄሱ ሳይቀሩ «በሞቴ» አሏቸው። ዕድሜ ልካቸውን ለሰው ሲያድሉት የኖሩት ሁሉ በአንድ ቀን ተመልሶ መጣባቸው። ብስቅ ደስ ባለኝ፣ አልቻልኩም እንጂ።

እኔን ሲያዩ «መጣህ?» አሉ። በእነዚያ ወራት ከ«እግዜር ይመስገን» ሌላ ያሉኝ የመጀመሪያ ነገር ነው። «እንደ በግ ልትግተኝ ነው?»

«አልግትዎትም። አንዷን ያለ ፈቃዷ ግቼያት የሆነችውን አይቻለሁ።»

አጠገባቸው ተቀመጥኩና የማውቀውን ነገርኳቸው። «ባይውጡት አንድ ቀን ግማሽ ጎንዎ አልታዘዝ ይልዎታል፣ ምላስዎም ሊያዝ ይችላል። ቢውጡት እንዲህ እየሰደቡኝ ይኖራሉ። እንደፈለጉ ያድርጉ። እኔ ግን ከእርስዎ ሌላ እናት የለኝም፣ ቢሞቱብኝ አልችለውም።»

ትኩር ብለው አዩኝ። «በሞቴ አትለኝም?»

«አልልም። ኪኒኑ የእርስዎ፣ ራስዎን የሚያዞርዎት እርስዎን። የእኔን ሞት ምን ዶለው?»

«ይሄ ልጅ አንጀት የለውም» አለ አንዱ ከጥግ። ልጃቸው በዓይኗ ልትበላኝ ደረሰች። ኪኒኑንና ውኃውን እጃቸው በሚደርስበት አስቀምጬ፣ ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ። መንገድ ላይ ሄልሜቴ ውስጥ ስላለቀስኩ መስታወቱ ጉም ለበሰብኝ፣ ቆሜ መጥረግ ነበረብኝ።

ከሳምንት በኋላ ለልጃቸው ደውዬ ይውጣሉ ወይ አልኳት። «እንጃ» አለችኝ። «ስትውጥ ያያት ሰው የለም። ፍሬው ግን በየቀኑ አንድ አንድ እየጎደለ ነው።»

እኔም አልሄድኩም። በዚያ ሰሞን ሄጄ «የእኔን የመሰለ ምክር የት ይገኛል» የምል መስዬ መታየት አልፈለግኩም። መስከረም ሲጠባ አክስቴ በገበያተኛ ቆሎ ላኩልኝ። በማግሥቱ ሄድኩ።

ብቻቸውን ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ጌሾ ይለቅማሉ። ሳምኳቸው። ገና ሳልቀመጥ «ኪኒኑን የምውጠው ስለፈለግሁ ነው» አሉኝ። «አንተ ስላልከኝ እንዳይመስልህ።»

«አልመሰለኝም» አልኳቸው። መስሎኝ ነበር።

ጓዳ ገብተው በአንድ እጅ የጠላውን ዋንጫ፣ በሌላው እጅ ብርጭቆ ይዘው ወጡ። ብርጭቆው ውስጥ ያለው ብርዝ ነው፤ ከመርሐቤቴ በመጣ ማር የበረዙት፣ ገና ያልፈላ፣ የማያሰክር። ለእኔ ብቻ ነው የበረዙት፤ በዚያ ቤት ብርዝ ተበርዞ አይቼ አላውቅም። ዋንጫውን ከራሳቸው ፊት አኖሩና ብርጭቆውን ዘረጉልኝ።

«በሞ...» አሉ፣ በዚያ በድሮው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ዓይናቸውን ዓይኔ ላይ ተክለው። ከዚያ ቆሙ። የቀረችውን ፊደል እንደ ኪኒን ሲውጧት አየሁ።

«ከፈለግህ» አሉኝ።

ሰባ ዓመት ካለፋቸው አክስቴ አፍ ይህ ቃል ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። አክስቴም ራሳቸው የሰሙት አይመስለኝም፤ ትንሽ አፍረው ወደ ጌሾው ዞሩ።

ብርዝ አልወድም፤ ጣፋጭ ነገር ጥርሴን ያመኛል። ተቀብዬ ጭልጥ አደረግኩትና ይድገሙኝ አልኳቸው።