ሥራዬ ስንት ሕግ ይጠይቃል

በሃምሳዎቹ መጨረሻ ዳንግላ ውስጥ በአንድ ፍርድ ቤት የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበርሁ። አገውኛ ስለምችል የችሎቱም አስተርጓሚ እኔው ነኝ። ስምንተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው። አቤቱታ እቀበላለሁ፣ ቁጥር እሰጣለሁ፣ ማኅተም እመታለሁ፤ ቀኑ ያለፈበትን ይግባኝ ደግሞ እመልሳለሁ። ይህችን የመጨረሻዋን ከሥራም አልቆጥራትም።

አንድ ቀን ግምጃ ቤት ከሚባለው አገር በእግራቸው የመጡ፣ ከል የለበሱ ባልቴት መስኮቴ ላይ ቆሙ። ባላቸው በርስት ጉዳይ ከገዛ ወንድማቸው ጋር ወረዳ ላይ ተከራክረው ተረቱ፤ ይግባኝ ሊሉ ሲሰናዱም ሞቱ። ሴትዮዋ አርባው እስኪወጣ ከቤት አልወጡም። በእኛ አገር ባሏን የቀበረች ሴት አርባው ሳይወጣ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ብትዞር ሰው ምን እንደሚላት አውቃለሁ፤ እኔም የዚያው አገር ልጅ ነኝ። ቢሆንም የፍርዱን ቀን አየሁና በጣቴ ቆጠርሁ። አራት ቀን አልፎታል። ጊዜው አልፏል፣ ወደ ቤትዎ ይግቡ አልኋቸው በአገውኛ። መርቀውኝ ሄዱ። ምርቃታቸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከሳምንታት በኋላ የእያንዳንዳችንን ሥራ የሚመዝን ሹም ከአዲስ አበባ ይመጣል ተባለ። ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ ሥራው ምን ያህል ሕግ መተርጎም ይጠይቃል የሚል ነው፤ መልሱም ምንም፣ ጥቂት ወይም ብዙ። አዋቂ መስዬ ለመታየት አዲሱን የሕግ መጽሐፍ ከዳኛው መደርደሪያ ተውሼ ዘግይቶ ስለሚመጣ ይግባኝ የሚለውን አነበብሁ። ጸሐፊው አይቀበልም ይላል። እሰየው። ቀጥሎ ግን፣ ባለጉዳዩ ምክንያቱን ገልጦ ፍርድ ቤቱን ፈቃድ መጠየቅ እንደሚችል ጸሐፊው ይነግረዋል ይላል። እስከዚያ ቀን ለማንም ነግሬ አላውቅም። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ለእኔ ነው። በሕግ አምላክ ሲሉት ወራጅ ውሃ ይቆማል ይላሉ፤ እኔ ግን በሕግ ስም ያቆምሁት አንዲት ባልቴትን ነው። ለዳኛው ሄጄ ልናገር አሰብሁና ፈራሁ።

ሹሙ ትሑት ሰው ነበር። ሥራዬን አንድ በአንድ አስዘረዘረኝና ወደዚያ ጥያቄ ደረሰ። ብዙ ብዬ ብመልስለት፣ ታዲያ ሕጉን ታውቀዋለህ ወይ ሊለኝ ነው። ከዚያ ማን ማንን እንደመለስሁ ይመረመራል፤ እንጀራዬም ያከትማል። ምንም አልሁት። እኔ የተጻፈውን የምገለብጥ ሰው ነኝ ብዬም ጨመርሁበት። እሱም ሳይጠራጠር ጻፈው። ወረቀቱ ታትሞ ሲመለስ ዳኛው ጠረጴዛቸው ላይ አኖሩት።

ሴትዮዋ እንደገና መጡ። አንድ ቄስ፣ ዳኛው ፊት ቀርበው ይለምኑ ብለዋቸው ነው። ችሎት ቆመው የሆነውን ተናገሩ፤ እኔም አንድ ቃል ሳላጎድል ወደ አማርኛ መለስሁት። ይህ ልጅ ጊዜው አልፏል ብሎ መለሰኝ ያሉትን ጭምር። ዳኛው ክፉ ሰው አልነበሩም። ፈቃድ መጠየቅ እንደሚችሉ ሳይነገራቸው ተመልሰው ከሆነ ይግባኙን እቀበላለሁ አሉና ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ነህ የመለስሃቸው?»

አዎ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ይግባኙ በዚያች በአንዲት ቃል ተቀባይነት ያገኝ ነበር።

«ጌታዬ፣ የእኔ ሥራ መጻፍ ነው። ሕግ አልተረጉምም» አልሁ።

ዳኛው የሹሙን ወረቀት አነሡ፣ አነበቡት፣ እንግዲያው የመለሳቸው የለም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። አቤቱታው አልተፈቀደም። ይህንንም ለሴትዮዋ የምነግራቸው እኔው ነኝ፤ ነገርኋቸው። አልጮኹም፣ አልረገሙኝም። ፊቴን ትክ ብለው እያዩ በአገውኛ፣

«ታዲያ እኔን የመለሰኝ ማን ነው?» አሉ።

ለዳኛው መተርጎም ነበረብኝ። ሳልተረጉመው የሚቀጥለውን ባለጉዳይ ጠራሁ። መሬቱን በዚያ ክረምት የባላቸው ወንድም አረሰው።