በማዕዘኑ ሥር የተቀበረችው ሙቀጫ

የወዲዳ እጆች ከውሃ አይወጡም። ከጥንቱ ቤተ መቅደስ ፍርስራሽ ተቆፍሮ የሚወጣውን ገል በብሩሽ እያሸች ታጥባለች፤ እኔ ጎረቤቷ ደግሞ እየተቀበልኩ ፀሐይ ላይ አሰጣለሁ።

አንድ ቀን ቆፋሪዎቹ ከቤተ መቅደሱ ማዕዘን ሥር፣ አሸዋ ውስጥ፣ አውራ ጣት የሚያክሉ መቆፈሪያና ጽዋ አገኙ።

"ንጉሡ ሕንጻው እንዲጸናለት የቀበራቸው ናቸው" አለን የቁፋሮው አለቃ።

"ታዲያ ሕንጻው የታለ?" አልኩ።

"አንቺ ደግሞ! ስንት ዘመን ይቁምልሽ?" አለችኝ ወዲዳ።

ያን ሰሞን ለልጇ ለሸሃት ቤት እያሠራች ነበር። የድሮው የጭቃ ቤቷ በብርዱ ወራት ዝናብ አልጋዋ ላይ ተደርምሶ፣ እሷ ምድጃው ዘንድ ስለነበረች ነው የተረፈችው። እናም ለማንም ሳትናገር፣ ከሁሉ የምትወደውን የእናቷን የነሐስ ሙቀጫ ወስዳ በአዲሱ ቤት ማዕዘን ሥር ቀበረችው።

ግድግዳው ከጉልበት ሳያልፍ የሸሃት ሚስት ነጃት ሴት ልጅ ወለደች። በእኛ አገር ሕፃን በሰባተኛው ቀን ወንፊት ላይ ይተኛና ጆሮው ሥር ሙቀጫ ይወቀጣል። ደንግጦ ካለቀሰ፣ ከእንግዲህ የዓለም ጫጫታ አያስፈራውም ይባላል። መንደሩ ሁሉ ለዚህ የሚዋሰው የወዲዳን ሙቀጫ ነው።

ሴቶቹ ተሰበሰቡ። ዘነዘናው አለ፤ ሙቀጫው የለም።

"ድስት ምቱላት፣ ምን አለበት" አለች ወዲዳ፣ ዓይኗን እየሰበረች።

ድስት ተመታ። ሕፃኗ አዛጋች።

"እማዬ፣ ሙቀጫውን ሸጥሽው እንዴ?" አለች ነጃት፣ እንባዋ እየመጣ። "ልጄ ፈሪ ሆና ትቅር?"

"የእናቴን ሙቀጫ ልሸጥ? ቤትሽን ተሸክሞልሻል እኮ!"

ነገሩ ወጣ። ሸሃት አካፋ አንሥቶ ሲሄድ እናቱ ቀድማ ማዕዘኑ ላይ ተቀመጠች።

"መጀመሪያ እኔን ቅበረኝ! ቤት ሲወድቅ አንተ አላየህም።"

አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"የሸሃት እናት፣ የንጉሡ መቆፈሪያ ምን ያክል ነበር?"

"አውራ ጣት።"

"ትልቁንስ መቆፈሪያ ምን አደረገው?"

ወደ ፍርስራሹ ዞር ብላ አየች።

"ትልቁን ለሥራ አስቀርቶት ነዋ! አንቺ ከንጉሥ ልትበልጪ ነው?"

አፈጠጠችብኝ። ከዚያ ሳቋ አመለጣት። "ሰውየው ቋጣሪ ነበር በይኛ!"

ለጡብ ከተቦካው ጭቃ ቆንጥራ ሚጢጢ ሙቀጫ ሠራች፤ ጎኗ ላይ አውራ ጣቷን አተመችባት። ምድጃ ውስጥ እስክትበስል ሴቶቹ የድግሱን ለውዝ ጨረሱት። ከዚያ ወዲዳ ራሷ ቆፍራ ትልቁን አወጣች፣ ትንሿን አስተኛች፣ አሸዋውንም በመዳፏ ደለደለችባት።

ዘነዘናው ሙቀጫው ላይ ሲያርፍ ሕፃኗ እሪ አለች። ዶሮዎቹም ተበተኑ።

"የአያትሽን ቃል ስሚ! የአባትሽን አትስሚ!" እያለች ወዲዳ ወቀጠች።

ቤቱ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ ልጅቷም በዚያው ማዕዘን በኩል ትተኛለች። እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት ከብዙ ዘመን በኋላ የልጆቻችሁ ልጆች እዚያ ቆፍረው የጣት አሻራ ያለባት ሚጢጢ ሙቀጫ ቢያገኙ፣ የየትኛው ንጉሥ ናት እያሉ እንዳይደክሙ ንገሩልኝ። የወዲዳ ናት። ቤቱ ገና ከላይዋ ቆሞ ከሆነ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ አሸዋዋን መልሱላት።