ሞተሯ ያልተከፈተው ጋሎፐር

ሐምሌ 2007፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ባሕር ዳር

ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ አሁንም አላባራም። አሮጌዋ መኪናዬ ዲኤክስ በሦስተኛው ሙከራ ተነሣች። ካርቡሬተሯ ብርድ አይወድም፤ ካላባበልኳት ንቅንቅ አትልም። አሮጌ የጃፓንና የኮሪያ መኪኖችን እየነዳሁ፣ ደግ ደጉንም ክፉ ክፉውንም በጋዜጣ ዓምድ ስጽፍ አምስት ዓመት ሆነኝ። እንደ ዛሬ የከበደኝ ጉዞ ግን የለም።

የጠሩኝ ጋሽ ታከለ የሚባሉ የእንጅባራ አንባቢዬ ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት «ሞተሩ ያልተከፈተ ጋሎፐር ካገኛችሁ ዐይናችሁን ሳታሹ ግዙ» ብዬ ጽፌ ነበር። እሳቸውም ፈረሳቸውንና ባሕር ዛፋቸውን ሸጠው ገዙ። የገዙትም ከአዘና ማዶ ገጠር ላገባች ልጃቸው ብለው ነው። የመጀመሪያ ልጇን ሆስፒታል ሳትደርስ መንገድ ላይ አጥታለች። አሁን ሁለተኛውን ልትወልድ ሳምንት ቀርቷታል። አምቡላንሱ በክረምት ወደዚያ በሚወስደው ጭቃ መንገድ ላይ ካለው ወንዝ ሲደርስ ይመለሳል፤ ያንን ጭቃ የሚወጣው የእሳቸው መኪና ብቻ ነው።

ትናንት ደወሉልኝ። «ልጄ፣ መኪናዋ ነጭ ጭስ ጀምራለች። አንተ ነህ ያስገዛኸኝ፤ መጥተህ እያት።»

2፡30፣ ዳንግላ

ከመራዊ ወዲህ ጉም ብቻ ነው። የዝናብ መጥረጊያዬ አንዱ ክንፍ ይሠራል፣ ሌላው ያስመስላል። ዳንግላ ስደርስ የጋሪ ፈረሶች ጆሯቸውን ጥለው በዝናብ ይደበደባሉ፤ ባለጋሪዎቹ ጆንያ ደርበው ዳር ተኮልኩለዋል። ሻይ በፓስቲ ስድስት ብር። ፓስቲው ትናንት የተጠበሰ ነው፤ በላሁት።

እዚህ ጌትነት የሚባል መካኒክ ወዳጅ አለኝ፤ አብሮኝ እንዲሄድ ለምኜዋለሁ። መሣሪያውን ከኋላ ወንበር ላይ እየጫነ የማን መኪና እንደሆነች ጠየቀኝ። ነገርኩት።

«ጋሽ ታከለ? አውቃቸዋለሁ እንጂ! ጥቅምት ላይ እዚሁ መጥተው ነበር። ውሃ ትጠጣለች አሉኝ። የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ ላንሣና ከሥሩ ያለውን ማሸጊያ ጋስኬት ልቀይር፣ የአንድ ቀን ሥራ ነው አልኳቸው።»

«እና?»

«ከደረት ኪሳቸው ያንተን ጋዜጣ አወጡ። ‹ያልተከፈተ ሞተር ወርቅ ነው ይላል፤ እንዴት ክፈታት እልሃለሁ?› አሉኝ። ሞተር መክፈት ነውር መስሏቸዋል እኮ። ራዲያተሯን ሞልቼ ሸኘኋቸው።»

«ያልተከፈተ ማለቴ ጤነኛ ነው ለማለት ነው» አልኩት። «ታሞም አይከፈት አላልኩም።»

«እሱን አልጻፍከውማ!»

እውነቱን ነው። በሻጭና በደላላ አፍ «ያልተከፈተ» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚከበር አውቃለሁ፤ ይበልጥ ያስከበርኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

3፡40፣ ወደ እንጅባራ

ዳገቱ ጀመረ። ለልማዱ ያህል ልጻፍ። ዲኤክስ፦ 1300 ሲሲ፣ አራት ማርሽ፣ የሚገፋት የኋላ እግሯ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም የማይቀረው። አስፋልት ላይ ታማኝ ናት፤ ጭቃ ስታይ ግን ወገቤን ትላለች። ጋሎፐር፦ 2500 ሲሲ ቱርቦ ናፍጣ፣ አምስት ማርሽ፣ አራቱም እግሯ የሚጎትት፣ የጃፓኑ ፓጄሮ የኮሪያ ወንድም። ለአዘና መንገድ የተሠራች ትመስላለች። ይህንንም ጽፌው ነበር፤ ይኸኛው እንኳ ልክ ነበር።

ጌትነት በመስኮት ያያል። ብርዱ ከወለሉ ቀዳዳ ይገባል። ብንመለስ ደስ ይለኝ ነበር።

4፡30፣ እንጅባራ

ጋሽ ታከለ ጋቢያቸውን ተከናንበው በር ላይ ጠበቁን። ስድሳን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። ጋሎፐሯ በሸራ ተሸፍናለች። ሸራውን ሲገልጡት ደነገጥኩ፤ እንዲህ የተያዘች አሮጌ መኪና አይቼ አላውቅም። ወንበሯ ታጥቦ፣ ጎማዋ ተጠርጎ፣ መሪዋ በጨርቅ ተሸፍኖ።

«ማንም እጁን አላስገባባትም» አሉ። «እንዳልከው ነው የያዝኳት።»

ጌትነት የዘይት መለኪያውን መዘዘ። ዘይቱ ወተት የገባበት ሻይ መስሏል። አየኝ፤ አየሁት። ውሃው ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሏል።

«ጋሼ፣ መክፈት አለብን» አልኳቸው። «የኔ ጥፋት ነው። ሲታመም ይከፈታል ብዬ መጻፍ ነበረብኝ።»

«አሁን ከተከፈተች ትድናለች?»

«ሳናይ አላውቅም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ክፈቷት» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

9፡15

ጌትነት ቴስታታውን አንሥቶ ሸራው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በጥፍሩ አንድ ነገር ይፍቅ ጀመር፤ የደረቀ ቀይ ማጣበቂያ ነው። ብሎኖቹን አንድ በአንድ አሳየኝ። ጠርዛቸው በማይገጥም ቁልፍ ተበልቷል።

«ይቺ መኪና ተከፍታ ታውቃለች» አለ። «ጋሼ ሳይገዟት በፊት። ያውም በማይረባ እጅ።»

ጋሽ ታከለ ጠጋ አሉ። «ምን አልክ?»

ደገመላቸው። የሞተሩ ዋና አካል፣ ብሎኩም፣ ከዳር እስከ ዳር መሰንጠቁን ጨመረላቸው። በጥቅምት ቢሆን ትድን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በሙቀት ስትቀቀል ከርማለች።

«ተከፍታ ነበር?» አሉ። ቀዩን ማጣበቂያ በጣታቸው ነክተው አሸት አሸት አደረጉት። «ታዲያ እኔ ዘጠኝ ወር ሙሉ ምኗን ነው የጠበቅሁት?»

አለቀስኩ ብል አላፍርም። ሻጩ ዋሽቷቸዋል፤ ውሸቱን ግን እንደ ታቦት ያስከበርኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጉልኝ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉ እንጂ ይቅር ብዬሃለሁም አላሉኝ፣ አልረገሙኝምም።

ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ለልጃቸው ደወሉ። በአዊኛ ነው የተናገሩት፤ አልገባኝም። ሲጨርሱ ጌትነት በጆሮዬ ነገረኝ።

«ቤት ያለውን አልጋ ገመድ እሰሩበት፤ ስምንት ጎበዝ ፈልጉ። ምጥ ሳይመጣ ነገ ሲነጋ ተሸክመው አዘና ያውርዱሽ አሏት።»

ከአዘና ወዲህ ያለውን ኮረኮንች ዲኤክሴ ቀስ ብላ ትችለዋለች። እዚህ አድራለሁ፣ ነገ አዘና ወርጄ እጠብቃታለሁ፣ ሆስፒታልም አደርሳታለሁ አልኳቸው። በዝናቡ ውስጥ ወደ ዲኤክሷ ሄዱ። የኋላ በሯን ከፈቱ፣ የጌትነትን መሣሪያ ወደ ወለሉ አወረዱ፣ ጎንበስ ብለው ወንበሩን ከበር እስከ በር በስንዝር ለኩት። አምስት ዓመት ስጽፍ የዚያን ወንበር ርዝመት ለክቼ አላውቅም።

«ስድስት» አሉ። «እግሯን አጥፋ ትተኛለች።»