አሪስቲዴስ ፖሎ የተሰናበተበት ዘጠነኛው ቀን

አሪስቲዴስ ፖሎ በሳምንቱ ቀናት ቧንቧ ሠራተኛ ነበር፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የሰፈሩ ባንድ አንደኛ ትራምፔት። «እኔ እኮ ሥራ ለውጬ አላውቅም» ይል ነበር፣ የሰው ዕቃ ማጠቢያ ሥር በጀርባው ተንጋሎ፤ «ሁለቱም ቧንቧ ነው፤ ዋናው የተደፈነውን ማስወጣት ነው።» ባራንኪያ ከተማ ውስጥ፣ በባሪዮ አባሆ ሰፈር፣ የእሱ እጅ ያልገባበት ወጥ ቤት የለም። የእሱን ትራምፔት ያልሰማ ሙሽራም የለም፤ ካለም በድብቅ ያገባ ነው።

ጉረኛ ነበር፤ ሞተ ተብሎ አይካድም። ጸጉሩን ቀለም ይቀባል፣ ሸሚዙ በደንብ ካልተተኮሰለት ከቤት አይወጣም። ባንዱ ውስጥ አርፍዶ የመጣ ሰው ካየ ደግሞ አፉ ለከት የለውም። ግን የድሃ ቤት ቧንቧ ሲፈነዳ ሥራውን ጨርሶ አንድ ሳህን የተጠበሰ ዓሣ በካሳቫ በልቶ፣ «ተከፍሎኛል» ብሎ ውልቅ የሚል ሰው ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ጉራውን ችላችሁ ትወዱታላችሁ፤ ምን ታደርጋላችሁ?

ከሁሉ ይልቅ የቻለው ቶሪቢዮ ነው፤ ሁለተኛው ትራምፔት። ሠላሳ አንድ ዓመት ከጎኑ ተቀምጧል። የአሪስቲዴስን ሴት ልጅ ክርስትና ያነሣውም እሱ ስለሆነ አበልጆች ናቸው። በትልቅ ባንድ ውስጥ አራት ትራምፔት በአንድ ረድፍ ይቀመጣል፤ አንደኛው ሲተነፍስ ሦስቱ ይተነፍሳሉ፣ እሱ ሲቆርጥ ይቆርጣሉ። ቶሪቢዮ የአሪስቲዴስን ትንፋሽ ከገዛ ሚስቱ ትንፋሽ ይልቅ ያውቀው ነበር። ሚስቱም ይህንኑ እያነሣች ስትነጫነጭ ኖራለች።

ሰው ሁሉ አሪስቲዴስን የሚያስታውሰው በአንድ ዘፈን ነው፤ «የኔሪስ ፖሮ» ይባላል። ገና ጎረምሳ ሳለ ለኔሪስ የሠራው፣ ፖሮ የሚባል የዳንስ ዜማ ነው። መጨረሻው ላይ አንዲት ቀጭን፣ ከሁሉ በላይ የምትወጣ ኖታ አለች። እነ ኔሪስ ደጅ ቆሞ፣ ልጅቱ መስኮቱን እስክትከፍት ድረስ ያችን ኖታ አይለቃትም ነበር። አባትየው አንድ ባልዲ ውኃ ደፍተውበታል፤ ኖታዋን ግን አልቆረጣትም ይባላል። ይህን እሱ ራሱ ስላወራው ግማሹን ቀንሳችሁ ስሙት። ኔሪስ ግን አገባችው።

ሊሞት አራት ዓመት ሲቀረው የላይ የፊት ጥርሶቹ ተነቀሉ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ገባለት፤ ለፈገግታ ያምራል፣ ለትራምፔት ግን አይሆንም። በቶሪቢዮ ግቢ ማንጎው ሥር ተቀምጦ ያችን ኖታ ሞከራት፤ የወጣው ባዶ ንፋስ ነበር። ደገመ። ሠለሰ። ከዚያ ትራምፔቱን ጭኑ ላይ አጋደመና፣

«አበልጄ፣ አለቀልኝ» አለ።

ያ ሁሉ ጉራ እንደዚያ ኩምሽሽ ሲል ማየት የቶሪቢዮ አንጀት የሚችለው አልነበረም።

«ምንህ ነው ያለቀው? ወረቀትህን አምጣ» አለው። የአንደኛውን ክፍል የኖታ ወረቀት ወስዶ በራሱ ማኅደር ውስጥ ከተተ፤ የራሱን ለአሪስቲዴስ ሰጠው። «አንተ እንደ ልማድህ ቆመህ ወደ ጣሪያው ንፋ። ግን ድምፅህን ዝቅ አድርገህ የኔን ክፍል ንፋ። እኔ ተቀምጬ ያንተን እነፋለሁ። ሰው የሚሰማው በዓይኑ ነው።»

«ሌሎቹ ሁለቱስ?»

«እነሱን ለኔ ተዋቸው።»

«ማኤስትሮ ብላስስ?»

«የባንድ መሪያችን ከባንዱ ሰው ሁሉ በፊት መስማት ያቆሙ ሰው አይደሉም እንዴ?»

አሪስቲዴስ እንባው እየወረደ ሳቀ። ከዚያ እጁን ጨምድዶ ያዘው። «ሰው እንዳያውቅ። በተለይ ኔሪስ እንዳትሰማ። በክርስትና ልጅህ ማልልኝ።» ቶሪቢዮ ማለ።

አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆነ። አሪስቲዴስ ይቆማል፣ ጉንጩ ይነፋል፣ ኖታዋ ከጎኑ ትወጣለች፣ ሕዝቡ «አሪስቲዴስ! አሪስቲዴስ!» እያለ ያጨበጭባል። ቶሪቢዮ ቅር ብሎት ያውቃል? እንዴታ፣ ሰው አይደል! አንዳንድ ቀን ሆድ ይብሰው ነበር። ግን አበልጁ እጅ ሲነሣ ያንን የተተኮሰ ሸሚዝ ከጀርባው ያይና ይተወዋል።

አሪስቲዴስ የሞተው አንዲት ጎረቤት ቤት ማጠቢያ ሥር እንደተጋደመ ነው። ሴትዮዋ ቧንቧውን እያየ መስሏት የሸንኮራ ጭማቂ ቀድታ በረዶው እስኪሟሟ ጠበቀችው። ልቡ ግን ቀጥ ብላ ነበር።

በዚያ አገር ሰው ሲሞት ቤቱ ዘጠኝ ቀን ጸሎት ይደረጋል። ነጭ ጨርቅ የለበሰ መሠዊያ ይቆማል፣ ነፍሱ ቢጠማት ብለው አንድ ብርጭቆ ውኃ ያስቀምጣሉ። ምክንያቱም ነፍስ እስከ ዘጠነኛው ቀን ከቤቷ አትርቅም፤ መሠዊያው ሲነሣ ተሰናብታ ትሄዳለች። ይህን ባሪዮ አባሆ ውስጥ የሚጠራጠር የለም። የተማሩት እንኳ፣ ጠበቃውም ነርሷም፣ አይጠራጠሩም።

በዘጠነኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ባንዱ ከነወንበሩ መጥቶ መንገዱ ላይ ተደረደረ። የአንደኛ ትራምፔት ወንበር ላይ ማን ይቀመጥ? ቶሪቢዮ ነዋ፤ ሌላ ማን አለ? ማኤስትሮ ብላስ ጠጋ አሉት።

«ኔሪስ ፖሮዋን ከነመጨረሻዋ ነው የምፈልገው ትላለች። ያችን ኖታ ማን ይነፋታል እንግዲህ? ሳክስፎኖቹ ይዝጉት ይሆን?»

ቶሪቢዮ ኔሪስ ዘንድ ገባ። «ከንፈሬ ቆስሏል» አላት፤ ውሸቱን ነው።

«አበልጄ፣ ከንፈርህን ቅባት ቀባውና ንፋ» አለችው፣ መሠዊያው ላይ ያለውን ጨርቅ እያጠፈች። «እኔ ሳክስፎን አላገባሁም።»

ወጣ። አሁን ምን ይደረግ? በዚያ መንገድ ዳር ዶሚኖ የሚጫወቱ ሽማግሌዎች አሉ፤ ትራምፔትን በድምፁ፣ ዶሮን በጩኸቱ ለይተው የሚያውቁ ናቸው። በተለይ ዶን ሲክስቶ የሚባሉት። ቶሪቢዮ ቆሞ ያችን ኖታ ቢነፋት፣ የአራት ዓመቱ ድምፅ የማን እንደነበር ያኔውኑ ያውቃሉ። አሪስቲዴስ መሬት ገብቶ ዘጠኝ ቀን ሳይሞላው መሳቂያ ሊሆን ነው። ስለዚህ ቶሪቢዮ ቆረጠ፦ ኖታዋ ላይ ሲደርስ ሆን ብሎ ያበላሻታል። «አይ፣ አሪስቲዴስ እኮ አንድ ነበር» ብለው ሰዎቹ ይበተናሉ። ስሙ የተበላሸ ቶሪቢዮ ይሁን።

ፖሮው ተጀመረ። ከበሮው ሞቀ፣ ሴቶቹ ጥቁር እንደለበሱ ትከሻቸው አልታዘዝ አላቸው። ቶሪቢዮ ለመጨረሻው ተነሣ። በሕይወቱ ቆሞ ሲነፋ ይህ የመጀመሪያው ነው። ትንፋሹን ሲስብ ቀና ቢል፣ የቤቱ መስኮት ሲከፈት አየ። ኔሪስ ናት። ሁለት እጇን መስኮቱ ላይ አስደግፋ፣ እንደ ልጃገረድ ቆማለች።

ማበላሸት አቃተው። ክፉ ሐሳብ አልነበረም፤ ግን ከንፈሩ እምቢ አለው። ኖታዋ ወጣች፤ ንጹሕ፣ ቀጥ ያለች፣ ከጣሪያዎቹ በላይ። ያዛት፣ ያዛት፣ ያዛት። ከዚያ ትራምፔቱን ዝቅ አደረገና ዓይኑን ጨፍኖ ፍርዱን ጠበቀ።

የዶን ሲክስቶ ወንበር ተንቋቋ።

«እሱ ነው!» ብለው ጮኹ ሽማግሌው፣ ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ። «እኔ ሲክስቶ ይህን ድምፅ እስታለሁ? ራሱ አሪስቲዴስ ነው! ዘጠነኛው ቀን አይደል? ሊሰናበተን መጣ!»

«ኧረ በእመቤቴ!» አለች አንዷ፤ መንገዱ ሁሉ አማተበ። ለቅሶና ጭብጨባው ተደባለቀ። «ሂድ በሰላም፣ አሪስቲዴስ!» እያሉ ወደ ሰማይ እጃቸውን አወዛወዙ። ሁለት አሮጊቶች መጥተው የቶሪቢዮን ትራምፔት ነክተው ሳሙ። ትራምፔቱን ነው፤ እሱንማ ማን አየው!

ቶሪቢዮ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። እፎይ አለ፤ አበልጁ ድኗል። ግን እውነቱ መነገር አለበት፦ ልቡ ቁርጥ አለ። ዛሬም፣ ቆሞ የነፋ ቀን እንኳ፣ ያጨበጨቡት ለአሪስቲዴስ ነው። ከእንግዲህ ኖታዋ የእሱ መሆኗን ቢናገርም የሚያምነው የለም።

ኔሪስ በሰው መሐል አልፋ መጣች። አንድ መለኪያ የአኒስ አረቄ እጁ ላይ አኖረችና ጎንበስ አለችለት።

«አበልጄ፣ ሴት የባሏን ትንፋሽ የማታውቅ ይመስልሃል?»

ቶሪቢዮ አረቄው ፈሰሰበት። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ቀን። ማታውኑ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አልቅሶ ነገረኝ።»

«እኔን እኮ ለአንቺ እንዳልናገር በክርስትና ልጄ አስምሎኛል!»

«እኔንም አስምሎኛል፣ ለአንተ እንዳልናገር። አሪስቲዴስን አታውቀውም?» አለች፤ ዘጠኝ ቀን ያላለቀሰችው ሴት እንባዋ መጣ። «ያን ማታ ምን አለኝ መሰለህ? ‹ከእኔ ይበልጣል፣ ኔሪስ። በጉብዝናዬ ጊዜም እንደሱ ነፍቻት አላውቅም። ግን እንዳትነግሪው፤ ይኮራብኛል› አለኝ።»