የዓርብ ከረጢት

ዛሬ ጠዋት የትምህርት ቤታችን ጽዳት ሠራተኛ ኮሪደሩን በበረኪና ስትወለውል ሽታው ክፍላችን ድረስ ገባ። አጠገቤ ያለችው ልጅ አፍንጫዋን ያዘች። እኔ አልያዝኩም። በረኪና በሸተተኝ ቁጥር በደንብ ስቤ ነው የማሸተው፤ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ኮሮና ዲላ በገባበት ዓመት ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ገና ስድስተኛ ክፍል። ጨለለቅቱ የምትባል ከተማ አካባቢ ቡና ከምለቅምበት አንስታ፣ ቤቷ አስቀምጣ፣ በአሥራ ሰባት ዓመቴ አንደኛ ክፍል ያስገባችኝ አንዲት ነርስ ናት። ሰፈሩ ሁሉ ሲስተር ይላት ነበር፤ እኔም ሲስተር እላታለሁ።

ትምህርት ተዘጋ። ለሲስተር ከሥራ ቦታዋ አምስት ማስክ ተሰጣት፤ ሌላ እስኪመጣ በዚያው ቻይው ተባለች። በረንዳው ግድግዳ ላይ ከሰኞ እስከ ዓርብ አምስት ምስማር መታች። እኔ ከአንደኛ ክፍል ደብተሬ ገጽ እየገነጠልኩ በዱቄት ሙጫ ከረጢት ሠራሁ፤ በየከረጢቱ ላይ የቀኑን ስም ጻፍኩ። የሰኞው ማስክ ማታ ከረጢቱ ይገባል፤ እስከ ሌላው ሰኞ ማንም አይነካውም።

"ፌስታል ያፍነዋል፤ ወረቀት ግን ይተነፍሳል። በሽታው እዚያው ደርቆ ይሞታል፣" አለችኝ። "እንዳታጥቢው ደግሞ! አውቅሻለሁ አንቺን። በረኪና ከነካው ማጣሪያው ይበላሻል፤ ከዚያ ወዲያ ተራ ጨርቅ ነው።"

እውነቷን ነው። የቆሸሸ ጨርቅ እያየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።

አንድ ቅዳሜ ሳሙና ልገዛ ወጣሁ። ባለሱቋ ገና ከሩቅ ስታየኝ ጀመረችኝ።

"ኧረ በአላህ! የሲስተር ማስክ እንደ ቡና ጆንያ ጠቁሮ አንቺ ዝም ትያለሽ? ስድስተኛ ክፍል ስትደርሺ እጅሽ ሰነፈ እንዴ?"

የቆሙት ሁሉ ሳቁ። ፊቴ ጋለ። ከሳሙናው ጋር በረኪና ጨምሬ ገዛሁ።

ሲስተር ተኝታ ነበር፤ ሰሞኑን ድካም ድካም ይላታል። አምስቱንም ዘፈዘፍኩ፣ አሸሁ፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁ። ሲደርቁ በየከረጢታቸው መለስኩ። ያን ጊዜ ነው የሠራሁት የገባኝ።

ሰኞ ጎህ ሳይቀድ የሰኞን ከረጢት ከፈተች። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ንጣቱን አላየችም። ሽታው ግን እኔ ከቆምኩበት በር ድረስ መጥቶ ዓይኔን አቃጠለኝ። ቁጣዋን ጠበቅኩ። ማስኩን አፍንጫዋ ላይ አስተካከለች፤ በረጅሙ ተነፈሰች።

"ሻይሽ ደግሞ ዛሬ ውኃ ውኃ ይላል፣" አለችኝና ወጣች።

አላወቀችብኝም ብዬ ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ። ማክሰኞም፣ ረቡዕም፣ ሐሙስም በጨለማ ወጥታ በጨለማ ገባች፤ ምንም አላለችም። ሐሙስ ማታ ትንፋሽ አጠራት። ዓርብ ጠዋት መኪና መጥቶ ወሰዳት። አልተመለሰችም።

ሽታ መጥፋት የበሽታው ምልክት መሆኑን ከቀብሯ በኋላ በሬዲዮ ሰማሁ። በማጠቤ ገደልኳት እንዳልል፣ ሰኞ ጠዋት ቀድሞውኑ ታማ ነበር። ነፃ ነኝ እንዳልል ደግሞ፣ "ሲስተር፣ በረኪናው አይሸትሽም?" ብላት ኖሮ የዚያኑ ዕለት ይገባት ነበር፤ ነርስ አይደለች? ሐሙስን ሳትጠብቅ ትታከም ነበር። ቁጣ ፈርቼ አፌን ዘጋሁ። አራት ጠዋት ሙሉ።

የዓርቡ ከረጢት ሳይከፈት ቀረ። ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነኝ፤ ከመጻሕፍቴ መሃል አስቀምጬዋለሁ። አልፎ አልፎ ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው ከወረቀት በቀር ምንም አይሸትም። ጀርባው ላይ የአንደኛ ክፍል ፊደሎቼ ተንጋደው ተደርድረዋል። ከሥራቸው የእሷ እርማት አለ፣ በቀይ እስክርቢቶ፦ "አትቸኩዪ። ካልገባሽ ጠይቂኝ።"